ሁለት ኪሎ ነፍስ

በሜክሲኮ ሲቲ የምድር ባቡር ሦስተኛው መስመር ላይ «ኢትዮጵያ» የሚባል ጣቢያ አለ፤ ምልክቱ የአንበሳ ራስ ነው። ሜክሲኮ የፋሺስት ኢጣሊያን ወረራ ካልተቀበሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች፤ እኛም ውለታዋን በአዲስ አበባው ሜክሲኮ አደባባይ እናስታውሳለን። ክፍል የተከራየሁት ከጣቢያው ብዙም ሳይርቅ፣ ናርቫርቴ ሰፈር ነው። የቤቱ ሰው ሐሳብ ሁሉ የሚዞረው ግን ሁለት ኪሎ በምትመዝን ውሻ ዙሪያ ነው። ስሟ ካኔላ ይባላል። ዘሯ በአገሪቱ ሰሜን ባለው ግዛት ስም የሚጠራው ቺዋዋ ነው።

አገር ቤት የማውቀው ውሻ በር ጠባቂ ነው። ደጅ ያድራል፣ የተረፈ ይደፋለታል፣ ጅብ ሲሸተው ይጮኻል። ባንወደው አይደለም፤ ራሱን ይችላል ብለን ነው። ትልቅ ውሻ አንድ ቀን ቢራብ ወይም ከአጥር ቢዘል ብዙ ጊዜ ይቋቋመዋል። ሁለት ኪሎ አካል ግን ስንቅ የለውም።

አከራዬ ሰባ ዓመት የተሻገሩ እናት ናቸው። በገባሁ ማግስት ጣቴን ይዘው የካኔላን አናት አስዳሰሱኝ፤ መሐሉ ላይ ለስለስ ያለ ቦታ አለ። ብዙ ቺዋዋዎች እርግብግቢታቸው ሳይገጥም ያድጋሉ። አብዛኞቹ ጤነኛ ሆነው ይኖራሉ፤ ሆኖም እናቶቻችን የአራስ ልጅ አናት ላይ ቅቤ ሲያኖሩ በሚጠነቀቁት ልክ እጅን ማለዘብ ያስፈልጋል። «ልጄ፣ ሶፋው ላይ ከመቀመጥህ በፊት ብርድ ልብሱን ዳስስ» አሉኝ ቀጥለው። ካኔላ ብርድ ልብስ ውስጥ ተሸጉጣ ነው የምትተኛው። ከተማዋ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች የጥር ሌሊቷ ይበርዳል፤ ትንሽ አካል ደግሞ ከክብደቱ ጋር ሲተያይ ቆዳው ሰፊ ነውና ሙቀቱን ቶሎ ያጣል። ሹራብ ሲያለብሷት ጌጥ መስሎኝ ነበር። አሁን ማታ ማታ እኔው ነኝ የማለብሳት።

የምግቡ ነገር ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ይህን ለሚያህል ውሻ በቀን የሚበቃው ደረቅ መኖ ወደ 50 ግራም ነው። በእንግድነት የመጣ ሰው በፍቅር አንዲት ቶርቲያ፣ የአገሩን ቂጣ፣ ቢያጎርሳት የዕለት ቀለቧን ሲሶ ሰጣት ማለት ነው፤ ከዚያ የሚመጣው ውፍረት ጉልበቷን ይጎዳል። የትንንሽ ውሾች የጉልበት ሎሚ እንዲሁ እንኳ ከቦታው መንሸራተት ይቀናዋል። ቡችላ ሳለች ችግሩ ተቃራኒው ነበር፤ ጥቂት ሰዓት ሳትበላ ከቆየች የደሟ ስኳር ወርዶ ትንገዳገድ ነበር። ስለዚህ በቀን አራት ጊዜ ትበላ ነበር፤ ስትደክም ድዷ ላይ ማር ተቀብቶላት ወዲያው ወደ እንስሳት ሐኪም ትወሰድ ነበር። ከማዕዱ ደግሞ ሞሌ የሚባለው የአገሩ ወጥ ለሷ መርዝ ነው፤ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ብዙ ጊዜም ቸኮላታ አለበት። የእኛም ዶሮ ወጥ በሽንኩርቱ የተነሳ ከዚያ አይሻልም፤ ወገኖቼ በዓል ሲመጣ ይህን ቢያስቡበት እወዳለሁ።

አፏ ከአውራ ጣቴ ብዙም አይበልጥም፤ በዚያ ውስጥ ግን እንደ ማንኛውም ትልቅ ውሻ 42 ጥርስ ይበቅላል። ስለሚጣበቡ ምግብ ይይዛሉ፣ ቶሎም ይበሰብሳሉ። አከራዬ በየማታው ለስላሳ ብሩሽ ይዘው፣ ለውሻ በተሠራ የጥርስ ሳሙና ጥርሷን ያጥቡላታል፤ የሰው የጥርስ ሳሙና ይጎዳታል። አንገቷ ላይ ገመድ አይታሰርም። የመተንፈሻ ቧንቧዋ ስስ ስለሆነ ማሰሪያዋ በደረቷ ዙሪያ ይውላል። ስትነሳም አንድ እጅ ከደረቷ ሥር፣ ሌላው ከኋላ እግሮቿ ሥር ይገባል።

በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 19 የ1985ና የ2017 የመሬት መንቀጥቀጦች የደረሱበት ቀን ነው። በየዓመቱ በዕለቱ ከተማዋ ትለማመዳለች፤ የማስጠንቀቂያው ድምፅ ሲያስተጋባ ሰው ሁሉ ከየቤቱ ይወጣል። የፎቃችን ደረጃ በእግር ሲጨናነቅ አየሁት፤ መሬት ላይ ያለች ካኔላ እዚያ መሐል አትተርፍም። ስለዚህ በሩ አጠገብ የእሷ መሸከሚያ ቦርሳ ምንጊዜም ተሰቅሎ ይገኛል። በሌላ ጊዜ ግን ቦርሳውን አልወድላትም። ፓርክ ውስጥ ቀኑን ሙሉ በብብት የሚውሉ ቺዋዋዎች አያለሁ፤ ሌላ ውሻ ሲያዩ ይንቀጠቀጣሉ፣ ሰውም ይነክሳሉ። ካኔላ በእግሯ ትሄዳለች፣ ታሸታለች፣ የሚፈቅድ ውሻ ሲገኝ ትተዋወቃለች። ውሻ ናትና ይገባታል።

አዲስ አበባ ያለች የአክስቴ ልጅ «እንደሷ ያለ፣ ግን ከሷም ያነሰ ልግዛ» ብላ ደወለችልኝ። ተይ አልኳት። ከልክ በላይ ትንንሽ የሆኑትን የሚያራቡ ነጋዴዎች የሚመርጡት ከቡችላ ሁሉ ደካማውን ነው፤ ትንሿ እናትም ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ካልሆነ አትወልድም። ከመግዛትሽ በፊት እናቲቱን ካላየሁ በይ፣ ስምንት ሳምንት ያልሞላውን አትቀበዪ፣ ቀን ቀን ቤት የሚውል ሰው ከሌለም ይቅርብሽ ብያታለሁ።