ለባለ 45 ዙር ሸክላ ውድ መርፌ ለምን?

አሮጌ የሸክላ ማጫወቻ ከቁም ሣጥን ላይ ወርዶ አቧራው ሲራገፍ ብዙውን ጊዜ ሞተሩ ይሽከረከራል፤ ድምፁ ግን ሰልሎ ወይም በአንድ ጎን ብቻ ይወጣል። ባለቤቱ ወይ ሸክላውን ይወቅሳል፣ ወይ አዲስ ካርትሪጅ ፍለጋ ይወጣል። ጣጣው የሚጀምረው ያኔ ነው፦ የአንዱ ዋጋ ከማጫወቻው ይበልጣል፣ የሌላው ርካሽነት ያስፈራል።

ካርትሪጅ በክንዱ ጫፍ ታስሮ የመርፌውን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ትንሽ ዕቃ ነው። በተለመደው ዓይነት ከመርፌው ጋር የተያያዘች ማግኔት በሽቦ ጥቅልሎች መካከል ትርገበገባለች። ጥቅልሎቹ ቶሎ አያረጁም። የሚያልቀው የአልማዙ ጫፍ ነው፣ የሚደርቀውም መርፌውን የያዘው ጎማ። ስለዚህ ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት መርፌው ብቻውን ተነቅሎ ይተካ እንደሆነ ነው። የአሜሪካው ሹር እ.ኤ.አ. በ2018 ካርትሪጅ መሥራቱን ቢያቆምም፣ በ1873 የስፌት መርፌ በማምረት የጀመረው የጃፓኑ ጂኮ ለቆዩ የሹር ካርትሪጆች የሚገጥሙ መርፌዎችን ይሠራል። ጥሩ መፍትሔ ነው፤ ነገር ግን አንዳንዱ የጂኮ መርፌ ብቻውን ከሙሉ አዲስ ካርትሪጅ ይወደዳል።

ግዢ ከሆነ ምርጫው የሚጀምረው ከሸክላዎቹ ነው፤ ይህን ደግሞ ሻጮች እምብዛም አያነሱትም። የሙዚቃ አሳታሚው አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የሀገር ፍቅር ማኅበርን ብቸኛ የማሳተም መብት ተዳፍሮ የድምፃዊ ዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ህንድ አሳትሞ ሲያመጣ፣ የመጣው በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞር ትንሽ ሸክላ ነበር። ከዚያ በኋላ በአምሃ፣ በካይፋና በፊሊፕስ ስም የወጣው ሙዚቃም በብዛት በዚሁ መጠን ነው። አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን፣ የአማርኛ ሸክላ ያለው ሰው እጅ ላይ የሚገኘው በአብዛኛው ባለ 45 ነው።

ይህ ለኪስ መልካም ዜና ነው። ርካሽ መርፌ ጫፉ ድቡልቡል ነው፤ ውዱ ሞላላ ወይም ከዚያም የቀጠነ። ድቡልቡሉ የሚቸገረው ድምፁ የተቀረጸበት ቦይ ከመርፌው ሥር በዝግታ ሲያልፍና ሞገዶቹ ሲጨናነቁ፣ ማለትም ወደ ሸክላው መካከል ሲቃረብ ነው። ትልቁ ባለ 33 ሸክላ ሲጀምር ቦዩ በሰከንድ 51 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሮጣል፤ መጨረሻው ላይ ግን ወደ 21 ይወርዳል። ትንሹ ባለ 45 ከ40 ገደማ ተነስቶ ከ25 ብዙም አይወርድም። የረጅም አልበም የመጨረሻ ዘፈን ላይ የሚሰማው የ«ሰ» እና የ«ሽ» መሻከር እዚህ ይቀንሳል፤ ሞላላው መርፌ ሊያድነን የመጣበት ችግር ግማሹ የለም ማለት ነው።

ከዚህ ከተነሱ የኦዲዮ-ቴክኒካ ቪኤም95ሲ ለብዙ አሮጌ ማጫወቻ ይበቃል። ጫፉ ድቡልቡል፣ በቦዩ ላይ የሚጫነው 2 ግራም፣ ፋብሪካው የሚሰጠው ዕድሜ 500 ሰዓት። የሞላላው ወንድሙ ዕድሜ 300 ሰዓት መሆኑ ብዙ ገዢ አያስተውልም። ሁለቱም አካላቸው አንድ ስለሆነ፣ ነገ ትልልቅ አልበሞች ቢበዙ መርፌውን ብቻ መቀየር ይቻላል። ከዚህም የሚረክሰው ኤቲ3600ኤል 3 ግራም ስለሚጫን፣ ለከባድና ለደረቅ አሮጌ ክንድ ይስማማል። የዴንማርኩ ኦርቶፎን 2ኤም ሬድ ግሩም ነው፤ ግን ለተፋቀ የእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ ሸክላ ያንን ሁሉ መክፈል ቅንጦት ይመስላል። በየቡና ቤቱ ባለቀ መርፌ ለዓመታት የታረሰ ቦይ በየትኛውም ዋጋ አይታደስም።

አንድ ወጥመድ አለ። ብዙ የሻንጣ ማጫወቻዎች የሚሠሩት በሴራሚክ ካርትሪጅ ነው፤ እሱ በመቶዎች ሚሊቮልት ይሰጣል። ባለ ማግኔቱ ግን 4 ወይም 5 ሚሊቮልት ብቻ ነው፣ ያውም የራሱ ማጉያ ይፈልጋል። ያለ ማጉያው ከተገጠመ ዘፋኙ ጎረቤት ቤት ያለ ይመስላል። የእነዚህ ማጫወቻዎች ክንድም 2 ግራም ላይ የሚስተካከልበት መንገድ ብዙ ጊዜ የለውም፤ ለእነሱ ያንኑ ሴራሚክ ፈልጎ መተካት ይሻላል።

ገጠማው ራሱ ቀላል ነው። አብዛኞቹ ካርትሪጆች በ12.7 ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ ባሉ ሁለት ብሎኖች ይታሰራሉ። ነጭና ሰማያዊው ሽቦ ለግራ፣ ቀይና አረንጓዴው ለቀኝ ናቸው። አዲሱ ካርትሪጅ ከቀድሞው ቀለል ወይም ከበድ ካለ የክንዱ ሚዛን እንደገና ይስተካከላል፤ ቪኤም95 6.1 ግራም፣ 2ኤም ሬድ 7.2 ግራም ይመዝናሉ። በትንሿ ዲጂታል የመርፌ ሚዛን መለካት ከክንዱ ቁጥር ይልቅ ይታመናል። ሸክላን መንከባከብ ማለት ክብደት መቀነስ የሚመስለው ብዙ ነው፤ ከልክ በታች የቀለለ መርፌ ግን ቦዩ ውስጥ እየዘለለ ግድግዳውን ይቦጫጭራል።

አዝማሪው ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 በርሊን እንደቀረጿቸው ዓይነት በ78 ዙር የሚጫወቱ ጥንታዊ ሸክላዎች ያሉት ሰው ግን እስካሁን የተባለውን ለእነሱ አያውለው። የእነዚያ ቦይ ሰፊ ስለሆነ የተለመደው መርፌ ወለሉ ድረስ ሰምጦ ጫጫታ ይለቅማል። በቪኤም95 አካል ላይ የሚገጥም፣ ጫፉ ለ78 የተወፈረ፣ ኤስፒ የሚል ምልክት ያለው መርፌ አለ፤ ሸክላው ሲለወጥ እሱን ሰክቶ የክንዱን ጫና ለእሱ እንደገና ማስተካከል ነው።