ቁጭ ብለሃል?

ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀምጬ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደኝን አውሮፕላን እጠብቃለሁ። ሙቀቱ ሸሚዜን ከጀርባዬ አጣብቆታል። አባቴን ጠይቄ መመለሴ ነው። አንድ ጊዜ በስልክ የጠየቀኝ ጥያቄ ዛሬም አልለቀቀኝም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ ሻንጋይ ሄጄ ሁለት ሌሊት ያደርሁት በ«ሰላም ሆቴል» ነበር። ከሁዋንግፑ ወንዝ ዳር፣ አረንጓዴ የመዳብ ጣሪያውን እንደ ፒራሚድ አሹሎ የቆመ ሕንፃ ነው። ቪክቶር ሳሱን የተባለ ባለጸጋ እ.ኤ.አ. በ1929 ሲከፍተው ስሙ «ካቴይ» ነበር። ዘመኑ የውጭ ሰዎች በከተማይቱ ውስጥ የራሳቸው ክልልና የራሳቸው ፖሊስ የነበራቸው ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 «ሰላም» ተባለ። ማታ ማታ ሽማግሌዎች ጃዝ ይጫወቱበታል። እኔም እነሱን እያዳመጥሁ ደወልሁ።

«አባባ፣ ወንዝ ዳር ያለ ትልቅ ሆቴል ነኝ። ድሮ ፈረንጆች የሠሩት ነው።»

ጥቂት ዝም አለ። «ቁጭ ብለሃል ወይስ ቆመሃል?»

«ቁጭ ብያለሁ።»

«ደግ። እንግዲያው ቡና አዝዝ።»

ጥያቄው ከየት እንደመጣ ገብቶኛል። እ.ኤ.አ. በ1902 በተፈረመ ውል ዳግማዊ ምኒልክ በባሮ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለእንግሊዝ የንግድ ጣቢያ በኪራይ ፈቅደው ነበር። ውሉ የሚጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ነው። ክረምት ባሮ ሲሞላ መርከብ ከሱዳን ይመጣል፤ ከጎሬ በበቅሎ የወረደው ቡና ይጫንበታል። አባቴ በቅሎ እየነዳ የመጣ ልጅ እግር ነበር፤ ጆንያውን በጀርባው እስከ መርከቡ ያደርሳል። ነጋዴዎቹ ከሚያርፉበት በረንዳ ግን አንድ ቀን አልተቀመጠም። «የከለከለኝ የለም፤ ቁጭ በል ያለኝም የለም» ይላል። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1956 ነጻ ስትወጣ ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ሻንጋይ ሆቴሉ ስሙን የለወጠበት ዓመት መሆኑ ነው።

ያን ማታ ለአባቴ ያልነገርሁት ነገር አለ። ስልኩን ስዘጋ አንዲት ሴት እብነ በረዱን ትወለውል ነበር። ዓይን ለዓይን ተጋጨንና ቀድሜ አቀረቀርሁ። ለካ ስምና ባለቤት ቢለወጥም የሚቆም ሰው አይጠፋም።

ዛሬ ጠዋት አባቴን ደግፌ ባሮ ዳር ካለ ቡና ቤት ወሰድሁት። ያስተናገደችን ልጅ ባዶውን ሲኒ ለመውሰድ አጠገባችን ቆማ ስትጠብቅ ቀና ብሎ አያት።

«ልጄ፣ አንቺም ቁጭ በይ እንጂ» አላት።

«ሥራ ላይ ነኝ አባባ» ብላ ሳቀች።

እሱ አልሳቀም። ወንበሩን ሳብ አድርጎ ቦታ ለቀቀላት።