የሐይቆች ገቢና ወጪ

በሒሳብ ሥራ የሚተዳደር ሰው የሚያየውን ነገር ሁሉ በገቢና በወጪ መመርመር ይለምዳል። እኔም በአዳማ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ ከዐሥር ዓመት በላይ ስላገለገልሁ ይህ ልማድ ከቢሮ ውጪም ይከተለኛል። ስለዚህ ውድ አንባቢዎቼ፣ ስለ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የምጽፈው ነገር የገንዘብ ቤት መዝገብ ቢመስል እንዳትፈርዱብኝ አስቀድሜ እለምናለሁ።

አዳማ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ በደረሰው የምድር ባቡር ምክንያት የደረጀች የንግድ ከተማ ናት። ከከተማዋ ወደ ምሥራቅ የሄደ መንገደኛ መተሐራ ላይ የበሰቃን ሐይቅ ያገኛል። ወደ ሞጆ ተመልሶ የደቡቡን መንገድ የያዘ ደግሞ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ ያስተኛውን የቆቃን ውኃ ተመልክቶ፣ መቂን አልፎ፣ ከባቱ ጀምሮ ዝዋይን፣ ላንጋኖን፣ አብጃታንና ሻላን ያገኛል።

የበሰቃ ገቢ ከወጪው የበለጠ ነው። ከስድሳ ዓመት በፊት ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የነበረው ይህ ሐይቅ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ የከብቱን ግጦሽ ውጧል፤ የባቡሩን ሐዲድና አውራ ጎዳናውንም ደጋግሞ ከፍ አድርጎ መሥራትን ግድ አድርጓል። ተፈጥሮ መውጫ ስላልሰጠችው፣ ከከርሰ ምድርና ከመስኖ እርሻ የሚተርፈውን ውኃ ሲያጠራቅም ኖረ። የአብጃታ መዝገብ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ዛሬ ለመጻፍ ያነሣሣኝም እርሱ ነው።

ሊቃውንት እንደሚሉት፣ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት አራቱ የደቡብ ሐይቆች አንድ ታላቅ ሐይቅ ሆነው ትርፋቸውን ወደ አዋሽ ያፈስሱ ነበር። ዛሬ ቢለያዩም ዝምድናቸው ፈጽሞ አልተቋረጠም። በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ ፀሐይ የምትወስደው ውኃ ዝናም ከሚሰጠው ስለሚበልጥ፣ ሐይቆቹ የሚኖሩት ከደጋ በሚወርድ ውኃ ነው። ዝዋይ መቂን ከጉራጌ ተራሮች፣ ከታርን ከአርሲ ተራሮች ይቀበላል፤ ከተቀበለውም ቆጥቦ የቀረውን በቡልቡላ ወንዝ ለአብጃታ ይሰጣል። ላንጋኖም እንዲሁ በሆራ ቀሎ በኩል ድርሻውን ይልካል። አብጃታ ግን ከሁለቱ በታች የተቀመጠ ተቀባይ ስለሆነ፣ ከበላዩ ያሉት ሲቆጥቡ ይጠግባል፤ ሲያባክኑ ይራባል።

ይህን ነገር መጀመሪያ የሰማሁት በ1996 ዓ.ም. የጂኦግራፊ መምህራችን ከመቂ ወደ አብጃታ ይዘውን በሄዱ ጊዜ ነው። መምህራችን ከውኃው እጅግ ርቆ በደረቅ መሬት ላይ ካለ ጥቁር ድንጋይ ዘንድ አቆሙንና፣ «ልጆቼ፣ እኔ በእናንተ ዕድሜ ሳለሁ ዓሣ አጥማጆች ታንኳቸውን የሚያስሩት እዚህ ነበር» አሉን። ቀጥለውም፣ ፔሊካን የተባሉት ታላላቅ ወፎች ጎጇቸውን በሻላ ደሴቶች ላይ እንደሚሠሩ፣ ጥልቀቱ ከ250 ሜትር በላይ የሆነው ሻላ ግን ለእነርሱ የሚበቃ ዓሣ ስለሌለው ምግባቸውን ከአብጃታ ያመጡ እንደ ነበር አስረዱን። አብጃታ ጎድሎ ጨውነቱ ሲበረታ ዓሣው አለቀ፤ ወፎቹም ለልጆቻቸው ቀለብ ፍለጋ እስከ ዝዋይ መብረር ግድ ሆነባቸው። ያን ጊዜ እኛ ልጆች ሳቅን፤ ወፍ ለገበያ ሩቅ አገር ሲሄድ ታየን።

ባለፈው ዓመት፣ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም.፣ ለሥራ ወደ ሻሸመኔ ተልኬ ስመለስ ያን ድንጋይ ፈልጌ አገኘሁት። መልካም ክረምት ሲሆን ውኃው ጥቂት ይጠጋል፤ ክፉ ዘመን ሲሆን ይሸሻል፤ ወደ መምህራችን ድንጋይ ግን አልተመለሰም። በ1960ዎቹ ስፋቱ ወደ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋ የነበረው ሐይቅ በ1998 ዓ.ም. ገደማ ከግማሽ በታች ወርዶ ነበር። ከድንጋዩ እስከ ውኃው የሚያብረቀርቀውን ነጭ ጨው እየረገጥሁ ስሄድ፣ ወጪውን በልቤ እቆጥር ነበር፤ ይኸውም ሶዳ አሽ ለማውጣት በዳርቻው የተተከለው ፋብሪካ፣ በዝዋይ ዙሪያ የተዘረጋው የአበባ እርሻ፣ በመቂ፣ በከታርና በቡልቡላ ዳር ቀንና ሌሊት የሚጮኸው የገበሬው ሞተር ነው።

ከዚህ በኋላ የምጽፈው ያሳፍረኛል። ከነዚያ ሞተሮች አንዱ የታላቅ ወንድሜ ነው። አባታችን ካረፉ በኋላ በመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም እያለማ፣ ምርቱን በአይሱዙ እየጫነ፣ ከደላላ ጋር እየተከራከረ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ያስተማረኝ እርሱ ነው። የጫማዬና የደብተሬ ዋጋ ከዝዋይ ውኃ የተቀዳ ነው።

ያን ዕለት ማታ ከእርሱ ዘንድ አደርሁና ያየሁትን ነገርሁት። ዝም ብሎ ሰማኝና፣ «አንተ የወር ደመወዝ አለህ» አለኝ። «እኔ ይህን ውኃ ብተወው ቡልቡላ ይወስደዋል፤ አብጃታም ተቀብሎ ጨው ያደርገዋል። ጨው ከሚሆን ሽንኩርት ቢሆን አይሻልምን?»

መልስ አጣሁ። ሌሊቱን ሳስብ አድሬ፣ ጧት ማሳው ዳር ቆመን ሳለ እንዲህ አልሁት፦ «ጋሼ፣ ከዝዋይ የሚወጣው ውኃ ባዶ እጁን አይወጣም። ወንዞቹ ከተራራ ሲወርዱ ጥቂት ጥቂት ጨው ይዘው ይመጣሉ፤ ፀሐይ ውኃውን ስትወስድ ጨውን ትታው ትሄዳለች። ቡልቡላ ተሸክሞ ካላወጣው የት ይቀራል? ዝዋይ የሚጠጣ ውኃ የሆነው ስለሚሰጥ ነው። መስጠት ያቆመ ዕለት እርሱም አብጃታ ይሆናል።»

ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ከቦዩ በእፍኙ ቀዳና ቀመሰ። «ገና ጣፋጭ ነው» አለ። ጥቂት ቆይቶም፣ «የእኔ ሞተር ብቻውን ቢቆም የእኔን ድርሻ ጎረቤቴ ይስበዋል። ሁላችንንም፣ ትልቁንም ትንሹንም፣ በእኩል የሚይዝ ሥርዓት ይምጣ እንጂ እኔ ወደ ኋላ አልልም» አለኝ።

ከብዙ ጉባኤ ይልቅ ይህ የገበሬ ቃል ነገሩን የገለጠው ይመስለኛል። በሒሳብ ሥራ፣ ገቢው ሳይታወቅ ወጪ የሚፈቅድ ሹም ተጠያቂ ነው። ሐይቅም መዝገብ ሊኖረው ይገባል፤ ስንት ገባ፣ ማን ስንት ወሰደ፣ ከታች ላለው ስንት ቀረ ተብሎ መጻፍ አለበት። ይህን የሚጽፈው ሹም፣ የሚያስተምረው መምህር፣ የሚማረውም ተማሪ ነው።

የአገሩ ሰው በልማዱ ይህን ያውቅ ነበር። የአርሲ እረኛ ከብቶቹን ወደ ሆራ፣ ማለት ወደ ጨዋማው ውኃ፣ ነድቶ ያጠጣ ስለ ነበር ጨዋማውን ውኃ እንደ ከንቱ አልቆጠረውም። በዝዋይ ደሴቶች የሚኖሩት ዛዮች፣ በቱሉ ጉዶ ያለችውን የማርያም ጽዮንን ገዳምና የብራና መጻሕፍቷን በዚሁ ውኃ ታጥረው ለዘመናት ጠብቀዋል። በቢሾፍቱም፣ በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ በኢሬቻ በዓል፣ ሕዝቡ ለምለም ሣር ይዞ በሆራ አርሰዲ ዳር ፈጣሪውን ያመሰግናል። የሚያመሰግን ሰው የተቀበለውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ የተቀበለውን የሚያውቅም ለሌላው ማስተረፍን አይረሳም።

ወንድሜ «ገና» ያላት ቃል ከጆሮዬ አልጠፋችም። መዝገቡን ለማቃናት የተሰጠን ጊዜ በዚያች ቃል ውስጥ ያለ ይመስለኛልና።