የእንግዳ ዕዳ

በመምህራን ማሠልጠኛ ሳለን ለአንድ ጓደኛችን የጥር ሠርግ ከጎንደር ወደ ጎርጎራ ወረድን። 60 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ በአውቶቡስ ተጨናንቀን፣ አቧራ ለብሰን ደረስን። አልቤርጎ መፈለግ አላስፈለገንም፤ ጎረቤቶች ከዳሱ ደጃፍ ቆመው «እናንተ ሦስታችሁ እኛ ዘንድ!» እያሉ ተከፋፈሉን። የወሰዱን ባልና ሚስት መደባቸውን ለቀውልን መሬት ተኙ። በማግሥቱም አባወራው በጣና ዳር ይዘውን ሄደው የደብረ ሲና ማርያምን የ17ኛው መቶ ዓመት ሥዕሎች አሳዩን።

የፊታችን እሑድ በካምፓችን ሠርግ አለ። ከሌላው ሠፈር የሚመጡት እንግዶች ማደሪያ የላቸውም። ድንኳናችን ጠባብ፣ ራሽናችን ጥቂት ነው፤ የምናስጎበኘው ጣናም የለንም። የእነዚያን ባልና ሚስት ስም ዘንግተናል፤ ዕዳቸው ግን አለብን። እሑድ ማታ እኛም ከዳሱ ደጃፍ እንቆማለን፦ «እናንተ ሦስታችሁ እኛ ዘንድ!»