ከጣና ወደ መገጭ፦ የዓሦቹ ጉዞና የእኛ ፈተና

አላህ (ሱ.ወ) በምድር ላይ ተጉዘን ፍጥረቱን እንድናስተነትን በቁርኣን በተለያዩ ቦታዎች አዞናል። ጉዞ ሲባል ግን ብዙዎቻችን የምናስበው ሩቅ አገርን ነው። በደጃችን የሚያልፈውን ወንዝ የምናውቀው በስሙ ብቻ ነው። ጎንደር ከተማን በግራና በቀኝ ይዘው የሚወርዱት ቀሃና አንገረብ ወዴት እንደሚሄዱ ተከትለን ያየን ስንቶቻችን ነን? ሁለቱ ወንዞች ከከተማው በታች ይገናኙና ከመገጭ ጋር ይቀላቀላሉ። መገጭም ከጎንደር በስተሰሜን ካሉት ከፍታዎች ተነሥቶ፣ በአዘዞ በኩል አልፎ፣ የደምቢያን ሜዳ አቋርጦ ጣና ይገባል።

ውሃው ከደጋ ወደ ሐይቅ ሲወርድ ዓሣው ደግሞ ከሐይቅ ወደ ደጋ ይወጣል። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ጉዞ ነው።

ወደ ሸለቆው

በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ወር ሁለት መምህራንና አንድ የመድረሳ ተማሪ ሆነን መገጭን ለማየትና ዓሣ ለማጥመድ ተነሣን። ከፈጅር ሶላት በኋላ ከአዲስ ዓለም ወጣን። አዲስ ዓለም በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1668፣ ሙስሊሞች ለብቻቸው ተለይተው እንዲኖሩ ከተወሰነ ወዲህ አባቶቻችን በንግድና በሽመና ሲተዳደሩ የኖሩበት ሰፈር ነው። አዘዞ ድረስ በሚኒባስ፣ ከዚያ ወዲያ በእግር ሄድን።

መንገዱ ቀላል አልነበረም። ከላይ ሆነው ሲያዩት ወንዙ እንደ ቀጭን ክር ይታያል። ወደ ታች ሲወርዱ ግን ጥቁሩ ድንጋይ በሁለቱም ወገን እንደ ግንብ ይቆማል። ተዳፋቱ ላይ የበሰለ ጤፍ፣ ዝቅ ሲሉ ማሽላ፣ ወንዙ ዳር ሾላና ወይራ አለ። ክረምት ሲሞላ ቤት የሚያህል ቋጥኝ የሚያንከባልለው ወንዝ በኅዳር ጠርቶና ረግቶ ከኩሬ ወደ ኩሬ ይፈስሳል። ድልድይ በሌለበት እየተያያዝን ተሻገርን። ጫማችንን አንገታችን ላይ አንጠልጥለን በአለቱ ላይ ስንድህ ያየ እረኛ ከልቡ ሳቀብን።

የያዝነው የቀርከሃ ዘንግ፣ የናይሎን ክር፣ መንጠቆና ከጓሮ የቆፈርነው ትል ብቻ ነበር። ዓሣ ማጥመድ ትዕግሥት ማስተማሪያ ነው የሚባለው እውነት ነው። ጥላችን ውሃው ላይ ካረፈ ዓሣው ከድንጋይ ሥር ይገባል፤ ድምፃችን ከፍ ካለም ይሸሻል። ስለዚህ በሆዳችን ተኝተን፣ ክሩን ነጭ አረፋ ከሚጥለው ፏፏቴ ግርጌ እየጣልን ጠበቅን። እስከ ዙህር ድረስ ያገኘነው ሁለት ነጭ ዓሣ ብቻ ነበር። ከወንዙ ውዱእ አድርገን በጠፍጣፋ አለት ላይ ሰገድን። ከሰዓት በኋላ ሦስተኛ ተጨመረ።

ተማሪያችን የመጀመሪያውን ዓሣ ይዞ «ቢላዋው የታለ? ልረደው» አለ። ዓሣ እንደ በግና እንደ ዶሮ መታረድ እንደማያስፈልገው፣ አላህ (ሱ.ወ) የውሃን ታዳኝ በሱረቱል ማኢዳህ ለእኛ ሐላል እንዳደረገ፣ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ዓሣና አንበጣ ሳይታረዱ እንደሚበሉ ማስተማራቸውን ነገርነው። በዚያውም ሌላ ነገር ጨመርንለት። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሕይወት ያለውን ፍጥረት ዒላማ አድርጎ መጫወትን ከልክለዋል። ስለዚህ የምናጠምደው ለመብላት እንጂ ዓሣው ሲንፈራገጥ አይተን ለመሳቅ አይደለም።

የክረምቱ ጉዞ

ወንዙ ዳር ጤፍ የሚያጭዱ አንድ አዛውንት ወደ እኛ መጡና ሦስቱን ዓሣ አይተው ፈገግ አሉ።

«ልጆቼ፣ በነሐሴ ብትመጡ ኖሮ መንጠቆ ምን ያደርግላችኋል? በቅርጫት ትዝቁት ነበር» አሉን።

«አሁንም እንደዚያ ይወጣል፣ አባባ?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ይወጣል፤ ግን እኛ ልጆች ሳለን እንደምናየው አይደለም። መረቡ ገና ከአፉ ላይ ይጠብቀዋል። ያመለጠውን ደግሞ እዚህ ብርብራ ይጨርሰዋል። ብርብራ የሚያፈስስ ሰው የልጁንም ድርሻ አብሮ ይበላል።»

አዛውንቱ በዓይናቸው ያዩትን የዓሣ ተመራማሪዎችም አጥንተውታል። በጣና ሐይቅ ውስጥ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው የዓባይ ተፋሰስ ዓሦች ስለለያቸው በሐይቁ ውስጥ ለብቻቸው ተለያይተው የኖሩ ናቸው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ በወንዞች አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜም ወደ መገጭ፣ ወደ ድርማ፣ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ ሌሎች ገባሮች ሽቅብ ይዋኛሉ። ዋናው ወንዝ በደለል ሲደፈርስ ወደ ትናንሽ ጅረቶች ገብተው፣ ፈጣንና ጥልቀት የሌለው ውሃ በሚፈስስበት ንጹሕ ጠጠር ላይ ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ። ከዚያ ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ። ጫጩቶቹ በጠጠሩ መካከል ተፈልፍለው፣ በወንዙ ኩሬዎች አድገው እነሱም ወደ ጣና ይወርዳሉ። ዓመቱን ሙሉ ወንዝ ውስጥ የሚቀሩም አሉ፤ በኅዳር መንጠቋችን ላይ የወጡት ከእነዚህ ይመስሉናል።

በሰሜን አሜሪካ የፓስፊክ ዳርቻ ስቲልሄድ የሚባል ዝነኛ ዓሣ አለ። ተወልዶ ካደገበት ወንዝ ወደ ውቅያኖስ ይወርዳል፤ ዓመታት ቆይቶ ያንኑ ወንዝ ፈልጎ ይመለሳል፤ ዕንቁላሉን ከጣለም በኋላ በሕይወት ተርፎ ወደ ባሕር የሚመለስ አለ። በባሌ ወንዞች ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀው ሬይንቦ ትራውት ዝርያው ከእርሱ ጋር አንድ ነው። እኛ ግን ከውጭ ሳይመጣ፣ ፈጣሪ ራሱ በጣናና በመገጭ መካከል ያመላለሰው ተጓዥ አለን። በአሜሪካ በብዙ ወንዞች በተፈጥሮ የተራባውን ስቲልሄድ የያዘ ሰው መልሶ እንዲለቅ ሕግ ያስገድደዋል። ለእኛውስ ተጓዥ ማን ይቆምለት?

ፈተናው

ተማሪያችን አዛውንቱን ከሰማ በኋላ «ታዲያ ለምን በነሐሴ አልመጣንም?» ሲል ጠየቀን። መልሱን ሱረቱል አዕራፍ ውስጥ እናገኘዋለን።

በባሕር ዳርቻ ስለነበረችው ከተማ አላህ (ሱ.ወ) ይነግረናል። ነዋሪዎቿ በሰንበት ቀን እንዳያጠምዱ ታዘዙ። ዓሣውም በሰንበት ቀን በውሃው ላይ ታይቶ ይመጣል፤ በሌላው ቀን ግን አይመጣም። ይህ ፈተና ነበር። ከፊሎቹ ተላለፉ፤ ከፊሎቹ መከሩ፤ ከፊሎቹ ደግሞ መካሪዎቹን «ለምን ትደክማላችሁ?» አሏቸው። ከክፉ የከለከሉት እንደዳኑ፣ አመፀኞቹ እንደተቀጡ ቁርኣን ይገልጻል።

የክረምት ወራት እንደዚያ ሰንበት በሸሪዓ የተከለከለ ነው እያልን አይደለም። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው። ሲሳይ በብዛት ቀርቦ በሚታይበት ሰዓት እጅን መሰብሰብ ኢማን የሚፈተንበት ቦታ ነው። በዚያው ሱራ አላህ (ሱ.ወ) ብሉ፣ ጠጡ፣ ግን አታባክኑ ይለናል። ዕንቁላሏን ያልጣለች እናት ዓሣ ስትያዝ የሚባክነው አንድ ዓሣ ብቻ አይደለም። ብርብራ ሲፈስስ ደግሞ ትልቁም ትንሹም አብሮ ያልቃል።

ጉዳቱም የሩቅ ስጋት አይደለም። በሞተር ጀልባና በረጅም መረብ ማጥመድ በጣና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። በሐይቁ ደቡባዊ ክፍል እ.ኤ.አ. የ1991ንና የ2001ን ብዛት ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች ነጭ ዓሣ በ75 ከመቶ ገደማ መቀነሱን አግኝተዋል። ከማጥመዱም ሌላ ጠጠሩና አሸዋው ለግንባታ ይዛቃል፤ ከተራቆተው ተራራ የሚወርደው ደለል ዕንቁላሉን ይሸፍናል፤ ወንዝ ሲገደብም የዓሣው መንገድ ይዘጋል።

መጨረሻው ምን እንደሚመስል ለማወቅ ወደ ፊሊፒንስ እንመልከት። በሚንዳናው ደሴት የላናኦ ሐይቅ አለ። ዳርቻው ላይ የሚኖሩት ማራናው የሚባሉ ሙስሊም ወንድሞቻችን ናቸው፤ ስማቸውም «የሐይቁ ሰዎች» ማለት ነው። ያ ሐይቅም እንደ ጣና የራሱ ብቻ የሆኑ ብዙ ዓሦች ነበሩት። ከውጭ በገቡ በላተኛ ዓሦችና ያለ ልክ በማጥመድ እየጠፉ ሄደው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት 15ቱ ከምድር ላይ መጥፋታቸውን አስታወቀ። በጣና ዳር ደግሞ ከደንገል ታንኳ እየሠሩ፣ ከሐይቁ እየበሉ የኖሩ፣ ጎረቤት ግን ለዘመናት ዝቅ አድርጎ ያያቸው የነገደ ወይጦ ሙስሊሞች አሉ። ዓሣው ቢጠፋ ቀድሞ የሚራበው የእነሱ ልጅ ነው።

ምን እናድርግ?

አገራችን በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315ን አውጥታለች። ሕግ ግን እያንዳንዱን ጅረት ቆሞ ሊጠብቅ አይችልም፤ ጠባቂ በሌለበት ሸለቆ ሰውን የሚመልሰው አላህን መፍራት ነው። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ በክረምት ዕንቁላል የያዘ ነጭ ዓሣ ገበያ ላይ ስታዩ ባለመግዛት እንጀምር። ወጣቶች ሆይ፣ ብርብራ ይዞ ወደ ወንዝ የሚወርድ ጓደኛችሁን በመልካም ቃል ምከሩ፤ «ማን ይሰማል?» ብላችሁ አትተዉ። ኢማሞቻችንና የመድረሳ መምህራንም የሱረቱል አዕራፍን ታሪክ ሲያስተምሩ መገጭንና ጣናን ቢያስታውሱ ልጆች ይበልጥ ይገባቸዋል።

አላህ (ሱ.ወ) ሐላሉን በልክ ከሚበሉት፣ አማናውንም ለተተኪው ከሚያደርሱት ያድርገን። ኣሚን።