በጥልቁ ማን ይኖራል?

«ባሕር» ሰፊ ቃል ነው። ጣናም ባሕር ነው፤ ቀይ ባሕርም ባሕር ነው። ከባሕር ማዶ የመጣው ዛፍ ባሕር ዛፍ ተባለ፤ የሰሜኑ ጠረፍ ገዥ ባሕረ ነጋሽ ይባል ነበር፤ ዘመን የሚቆጠርበት ስልት እንኳ ባሕረ ሐሳብ ይባላል። ነገር ግን እነዚህ ቃላት በአብዛኛው ባሕርን ከዳር ቆሞ የሚመለከት ወይም ሊሻገረው የሚያስብ ሰው ቃላት ናቸው። ወደ ታች ወርዶ በጨለማው ውስጥ ማን እንደሚኖር፣ ማን ማንን በልቶ እንደሚያድር የሚናገር ቃል እምብዛም አይገኝባቸውም። የጥልቅ ባሕር ዓሣዎችን ኑሮ ለተማሪዎቹ በአማርኛ ለማስረዳት የተነሣ አንድ የድሬዳዋ የሥነ ሕይወት መምህር የገጠመው ችግር ይኸው ነው።

ድሬዳዋ ባሕር የወለዳት ከተማ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ የተዘረጋው ሐዲድ ከተራራው ግርጌ ሲደርስ ተቆረቆረች፤ ከመርከብ የተራገፈውን ዕቃ ስትቀበል ኖረች። ባሕሩ ግን ወደ እርሷ የመጣው በጭነት መልክ ብቻ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1993 ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትምና፣ ስለ ባሕር የሚነገረው አብዛኛው ነገር የወደብና የኪራይ ጉዳይ ሆኗል። ወደብ ያጣ ሕዝብ ስለ ወደብ ማውራቱ አያስነቅፍም፤ ይሁንና ባሕርን በወደቡ ብቻ ማወቅ ቤትን በበሩ ብቻ እንደ ማወቅ ነው።

መምህሩ ትምህርቱን የሚጀምረው ከድንጋይ ነው። በከተማይቱ ዙሪያ ባሉት ኮረብቶች የሚታየው የኖራ ድንጋይ በጁራሲክ ዘመን፣ ከ145 ሚሊዮን ዓመታት በፊት፣ ምሥራቅ ኢትዮጵያን ሸፍኖ በነበረ ባሕር ወለል ላይ የተጠራቀመ ነው። የድሬዳዋ ሲሚንቶ የተሠራው ከኖራ ድንጋይ በመሆኑ፣ በሲሚንቶ የተለሰነ ግድግዳ ከፊሉ የጥንት ባሕር ወለል ነው። ተማሪዎቹ ይህን ሲሰሙ ግድግዳውን መዳሰሳቸው አይቀርም። ያ ባሕር ግን ጥልቅ አልነበረም፤ ስለ ጥልቁ ለመናገር ድንጋዩን ትቶ ዛሬ ወዳለው ባሕር መሻገር ያስፈልጋል።

ቀይ ባሕር እንግዳ ጠባይ አለው። መካከሉ ከ2,000 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ሆኖ ሳለ፣ ወደ ባብ ኤል መንደብ ሲቃረብ፣ በሐኒሽ ደሴቶች አጠገብ፣ የባሕሩ ጥልቀት ወደ 137 ሜትር ያህል ያንሳል። ይህ በውሃ የተሸፈነ ደፍ የሕንድ ውቅያኖስን ቀዝቃዛ ጥልቅ ውሃ አያሳልፍም። በመሆኑም በሌሎች ውቅያኖሶች በ2,000 ሜትር ጥልቀት 2 ወይም 3 ዲግሪ ገደማ የሚሆነው ሙቀት፣ በቀይ ባሕር ጥልቅ 21 ዲግሪ ያህል ነው። ሙቀት ለፍጡር የሚመች ይመስላል፤ በጥልቁ ግን ረኀብን ያባብሳል። የጥልቁ ነዋሪ ራት ከላይ የሚወርድለት ትርፍራፊ ነው። በሞቀ ውሃ ውስጥ ትርፍራፊው ወለሉ ሳይደርስ ባክቴሪያ ይጨርሰዋል፤ የዓሣውም ሰውነት በሙቀቱ ምክንያት ብዙ ምግብ ይጠይቃል። ስለዚህ ከ1,000 በላይ የዓሣ ዝርያ የሚቆጠርለት ይህ ባሕር፣ በጥልቁ በኩል ድሃ ነው። አንድ ደፍ የሚያደርገውን ተመልከቱ!

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ተማሪዎቹን የሚይዛቸው ግን የሚራመደው ወለል ታሪክ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በድምፅ ሞገድ የባሕርን ጥልቀት የሚለኩ ሰዎች፣ ቀን ቀን ብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ብሎ የሚታይ፣ ሲመሽ ግን ወደ ላይ የሚነሣ «ወለል» አገኙ። ኋላ ሲመረመር ወለል የመሰለው የትንንሽ ዓሣዎችና የሌሎች ፍጡራን መንጋ ሆነ። ከነዚህ ዓሣዎች ብዙዎቹ ከጣት የማይበልጡ፣ ሆዳቸው ላይ ብርሃን የሚያበሩ ናቸው፤ በቀይ ባሕርም በዓረብ ባሕርም በብዛት ይገኛሉ። ሲመሽ ወጥተው በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ ተንሳፋፊ ነፍሳትን ይበላሉ፤ ሲነጋ ወርደው ይሸሸጋሉ። እነርሱን ደግሞ ቱና፣ ስኩዊድና ዶልፊን ይበሏቸዋል።

መምህሩ ለዚህ ዓሣ «ፋኖስ ዓሣ» የሚል ስም አወጣ። አንዲት ተማሪ ግን አልተቀበለችውም። ፋኖስ የሚበራው ሰው እንዲያይ ነው፤ ይህ ዓሣ የሚያበራው እንዳይታይ ነው አለች። እውነቷን ነው፤ የሆዱ ብርሃን ከላይ ከሚመጣው ደብዛዛ ብርሃን ጋር ተመሳስሎ፣ ከታች ሆኖ ለሚያደባ አዳኝ ጥላውን ያጠፋዋል። የተሻለ ስም ግን እስካሁን አልተገኘም። ይህ የመምህራን ብቻ ሳይሆን የደራስያንም ሥራ ነበር። በአንጻሩ «የምግብ ሰንሰለት» ከሚለው ይልቅ «የምግብ ድር» የሚለው የተዋጣ ነው፤ ሰንሰለት አንድ መስመር ነው፣ ባሕሩ ግን ድርና ማግ አለው።

ማን ማንን እንደሚበላ የሚታወቀው በትዕግሥት ነው። የተያዘው ዓሣ ሆዱ ይከፈታል፤ ሥጋው ቢፈጭም ከተበላው ዓሣ ራስ ውስጥ የሚገኘው የጆሮ ድንጋይ ብዙ ጊዜ ይተርፋልና ዝርያው ከዚያ ይለያል። ይህ ዓይነቱ ጥናት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የጣናን ትልልቅ ዓሣዎች፣ ጀርመናዊው ሩፔል በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በልዩ ልዩ ስም ከመዘገባቸው በኋላ፣ ባኒስተር እ.ኤ.አ. በ1973 አብዛኞቹን በአንድ ዝርያ ሥር ጠቀለላቸው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ የኔዘርላንድና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች አፋቸውንና አመጋገባቸውን መርምረው ዐሥራ አምስት ያህል ዝርያዎች ለዩ፤ ከነዚህም ስምንቱ፣ መንጋጋቸው ጥርስ ሳይኖረው፣ ዓሣ በሎች ሆነው ተገኙ። አንድ ስም የተሰጠው ሁሉ አንድ እንዳልሆነ የታወቀው ሆዱ ሲታይ ነው።

መምህሩም ይህንኑ በተግባር ለማሳየት ከገበያ ዓሣ ገዝቶ ወደ ክፍል አመጣ። ተማሪዎቹ ራሱን ሰንጥቀው የጆሮ ድንጋዩን አወጡ፤ ከእጅ ወደ እጅ አዟዟሩት። ሆዱን ሲከፍቱት ግን ባዶ ነበር፤ ሻጩ አስቀድሞ አጥቦታል። ለሚቀጥለው ሳምንት ያልታጠበ ዓሣ ታዝዟል።