ለአጭር እጅጌ ስንት ዲግሪ ይበቃል?

«ሞቋል ወይስ አልሞቀም?» የሚለው ጥያቄ በቁጥር የሚፈታ ይመስላል። ነገር ግን ቁጥሩ ራሱ ከበስተጀርባው የታሰበ ሰው አለው። ተመራማሪዎች በ1941 እ.ኤ.አ. «ክሎ» የተባለውን የልብስ ሙቀት መለኪያ ሲያወጡ መነሻ ያደረጉት፣ 21 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ያለ ሥራ አርፎ የተቀመጠን ሰው ነበር። የሚሮጥ ሕፃንም ሆነ ከሌላ አየር ጠባይ የመጣ አረጋዊ በዚያ መነሻ ውስጥ አልነበሩም።

በሰሜን ምሥራቅ ካልጋሪ፣ በስካይቪው ራንች የምትኖር አንዲት እናት ይህን ክፍተት በየጸደዩ ትጋፈጣለች። እዚያው የተወለደው ልጇ 12 ዲግሪ ሲሆን በካናቴራ ብቻ መውጣት ይፈልጋል። ከአዲስ አበባ የመጡት አያቱ «ልጄ፣ ብርድ ይመታሃል» እያሉ ሹራብ ይዘው ይከተሉታል። ሁለቱም እንደየልምዳቸው ልክ ናቸው። የጃንዩዋሪ ሌሊት በአማካይ ከዜሮ በታች ከ10 ዲግሪ በላይ በሚወርድበት ከተማ ክረምቱን ለከረመ ልጅ 12 ዲግሪ በጋ ነው። የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት ዓመቱን ሙሉ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ገደማ በሚመላለስበት አዲስ አበባ ግን 12 ዲግሪ የማለዳና የሌሊት ብርድ ነው፤ ጋቢ የሚደረብበት። በዚያ ላይ ዕድሜ ሲገፋ ሰውነት ሙቀቱን የመጠበቅ አቅሙ ይቀንሳል።

ጉንፋንን የሚያመጣው ቫይረስ እንጂ ባዶ ክንድ አይደለምና በዚህ ረገድ ልጁ ይረታል። በሌላው በኩል ግን አያትየው የያዙት ዕውቀት ለካልጋሪ የተሰፋ ይመስላል። ከሮኪ ተራሮች ቁልቁል ሲወርድ እየታመቀ የሚሞቀው ቺኑክ የተባለው ደረቅ ነፋስ፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሙቀቱን በ20 ዲግሪ ሊያሻቅበው ይችላል፤ ሲያልፍም ብርዱ ይመለሳል። በሜይ ወር በረዶ መጣሉም እንግዳ ነገር አይደለም። በአዲስ አበባም ቢሆን በቀትርና በሌሊት መካከል ያለው ልዩነት በወራት መካከል ካለው ይበልጣል። ስለዚህ የደጋ ሰው የሚለብሰው ወሩን ሳይሆን ሰዓቱን አይቶ ነው፤ ጠዋት ይደርባል፣ ቀትር ላይ ያወልቃል፣ ሲመሽ መልሶ ይደርባል።

እናትየው ከዓመታት ሙግት በኋላ ጥያቄውን ለወጠችው፦ «ሞቋል ወይ?» ሳይሆን «እስክትመለስ ይዘልቃል ወይ?» ልጁ በአጭር እጅጌ ይወጣል፤ ሹራቡ ግን በቦርሳው ውስጥ ይሆናል።

ይህ ማስታረቅ ከልብስ ያለፈ ፋይዳ አለው። በባዕድ አገር የቤት ሥራ ማስረዳት፣ ደብዳቤ ማንበብ፣ ከመምህር ጋር መነጋገር ከአያቶች እጅ ይወጣል። ስለ ብርድና ስለ ልብስ የሚናገሩት ቃል የመጨረሻው የሥልጣን ክልላቸው ሊሆን ይችላል። በቴርሞሜትር ብቻ ሲረቱ የሚያጡት ክርክሩን ብቻ አይደለም። ፍርሃታቸውን ሕግ ሳያደርጉ ዕውቀታቸውን መያዝ ግን ይቻላል፤ ለዚህም መጀመሪያ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል።